የቅል ክዳን እንዴት ይታተማል?

ነገሩ ሁሉ በሰላም ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ጽሑፍ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ጸሐፊው ላቡን ጠርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የራሱን ሞኝነት እንደ ሌላ ሰው ሞኝነት አድርጎ መተረክ ይችላል። እኔም ይህን የምጽፈው በዚያ ጸጋ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ተመስገን።

በከተማችን በላሊበላ «ያ ዕቃ የሚያትመው ማሽን እንዴት ነው የሚሠራው?» እያሉ መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከባድ አይደለም። ችግሩ ስለ ማሽኑ ስናገር የእትዬ ይርገዱን የቅል ክዳን ሳላነሣ ማለፍ አለመቻሌ ነው። ክዳኑን ካነሣሁ ልጃቸውን ትርንጎን ማንሣት ግድ ይሆናል፤ ትርንጎን ካነሣሁ ደግሞ ንግግሬ ስለሚረዝም ጠያቂው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። ስለዚህ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲደርስ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥሁ። ቸኩሎ የሚሄድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊሰናበተኝ ይችላል፤ ቅር አልሰኝም።

ማሽኑ አብያተ ክርስቲያናቱን ልትጎበኝ መጥታ አንድ ወር የከረመች የውጭ አገር እንግዳ ለወጣቶች ማዕከላችን ያበረከተችው ስጦታ ነው። እኔ የማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ስጦታውን በተረከብንበት ቀን ንግግር ተደረገ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ተጨበጨበ። ከዚያም ካርቶኑ ወደ እኔ ክፍል ገባና ያረጁ ጋዜጦች መደርደሪያ ሆነ። ምናልባት እስከ ዛሬም መደርደሪያ ሆኖ ይኖር ነበር፤ ነገር ግን ከውስጡ አንድ የአጠቃቀም መመሪያ አገኘሁ። እኔ ደግሞ መመሪያ አይቶ ማለፍ የማልችል ሰው ነኝ። ቤታችን ቴሌቪዥን ሳይገባ የቴሌቪዥን መመሪያ አንብቤ ጨርሻለሁ። ይህንንም ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብሁት፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ማስታወሻ» ተብሎ ባዶ የተተወ መሥመር ነበር፤ ምናልባት ያመለጠኝ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ እርሱንም ደግሜ አየሁት። በማግሥቱ መመሪያውን ያነበበ ሰው እኔ ብቻ መሆኔ ስለተረጋገጠ የማሽኑ ኀላፊ ተደርጌ ተሾምሁ።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። የመጀመሪያው ተማሪዬ የማዕከሉ ጥበቃ አያ ደሴ ነበሩ።

«አያ ደሴ» አልኋቸው፤ «ተራው ማተሚያ ቀለም ወረቀት ላይ ያሳርፋል። የሚያትመው ነገር ርዝመትና ወርድ እንጂ ቁመት የለውም። ይህኛው ግን በቀለም ፈንታ የቀለጠ ፕላስቲክ ያሳርፋል። አንድ ሥሥ ንጣፍ ያነጥፋል፤ ሲደርቅ በላዩ ሌላ ያነጥፋል፤ እንዲህ እያለ ቁመት ያበጃል።»

«ፕላስቲኩስ ከየት ይመጣል?»

«ይህ በጥቅልሉ ላይ የተጠመጠመው ክር ነው። አብዛኛው ከበቆሎ የሚሠራ ነው።»

አያ ደሴ ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው ቀመሱት። «ጨው ይጎድለዋል» አሉ።

ትምህርቱን ቀጠልሁ። መጀመሪያ የሚፈለገው ዕቃ በኮምፒዩተር ይሣላል። ቀጥሎ ሌላ ፕሮግራም ሥዕሉን ከታች እስከ ላይ በሥሥ በሥሡ ይቀረድደዋል። ከዚያ ማሽኑ ቅርድዱን አንድ በአንድ እየተቀበለ በጋለው አፍንጫው ክሩን እያቀለጠ፣ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ እየተመላለሰ ይሥለዋል። አንዱን ንጣፍ ሲጨርስ የፀጉር ያህል ከፍ ይልና ቀጣዩን ይጀምራል። ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስትና በቁጥር አስደግፌ አስረዳሁ። አያ ደሴ «መልካም ነው፤ እኔ ግን በሩን ልጠብቅ» ብለው ወጡ።

በዚህ መሐል በሩ ላይ ቆማ የነበረች አንዲት አንባቢ ገባች። ትርንጎ ናት። ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው በገነተ ማርያም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ስትሆን ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ ልትዋስ ትመጣለች። ማሽኑ ለሙከራ አንዲት ትንሽ ዋንጫ እየሠራ ነበር። ጎንበስ ብላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተመለከተችውና፣

«ስፌት ነዋ!» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ስፌት ነው። አክርማው ዞሮ ዞሮ በራሱ ላይ ይወጣል፤ ሞሰብ እንደዚያው አይደል የሚሰፋው? ይሄኛው ወስፌ የለውም እንጂ።»

ቀስቶቼን፣ ቁጥሮቼንና ሰሌዳዬን ተመለከትሁ። መመሪያው በዚያ ሁሉ ገጽ የተናገረውን ይህች ሴት በአንድ ቃል ጨርሳዋለች። ሽማግሌ ለመላክ የወሰንሁት ያን ጊዜ ነው። እርሷ ግን ምክንያቱ ይህ መሆኑን እስከ ዛሬ አታምንም።

ጉዳዩን ፊደል ላስቆጠሩኝ ለየኔታ ክንፉ አማከርሁ። የኔታም ለትርንጎ እናት ለእትዬ ይርገዱ በዘዴ ጠቆም አደረጉላቸውና ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ ሽማግሌዎቹ እንዲሄዱ ሐሳብ ተያዘ። ጾም ከገባ ነገሩ ሁሉ ከፋሲካ ወዲያ ይገፋል፤ የተገፋ ነገር ደግሞ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። እስከዚያ እሑድ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። የእኔ ድርሻ በሥርዓቱ መሠረት አርፎ መቀመጥ ብቻ ነው። አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ትርንጎ የተዋሰችው አንድ መጽሐፍ የመመለሻ ቀኑ አልፎ ነበር። ደንባችን ቀኑ ላለፈ መጽሐፍ ማሳሰቢያ ይላካል ይላል። ማሳሰቢያውን በአካል ማድረስን የሚከለክል አንቀጽ አጣሁ። ስለዚህ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ክራቫት አስሬ ገነተ ማርያም ሄድሁ።

እትዬ ይርገዱ ባላቸው የሞተባቸው፣ ረጅም፣ ዐይናቸው የማያመልጠው ሴት ናቸው። ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ። እጅ ነሣሁ። «እንደምን ዋልህ» አሉኝ፤ ደግሜ እጅ ነሣሁ። «ግባና አረፍ በል» አሉኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ እጅ ነሣሁና ጀርባዬን ለታላቅ ላለመስጠት ወደ ኋላ እየተራመድሁ ከመደቡ ላይ በክብር ተቀመጥሁ።

ቀጭ አለ።

መጀመሪያ አጥንቴ መስሎኝ ነበር። ምነው አጥንቴ በሆነ! ብድግ ብዬ ስመለከት ታጥቦ እንዲደርቅ የተሰጣ የቅል ክዳን ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ሟቹ የትርንጎ አባት ከዋንዛ ጠርበው የሠሩት፣ ከእርጅና ብዛት የሣሣ ክዳን ነው፤ ወተት የሚገፋበት ትልቁ ቅል የሚዘጋው በእርሱ ነበር።

እትዬ ይርገዱ ስባሪዎቹን አንሥተው አንዱን ከአንዱ ጋር ሊያገጣጥሙ ሞከሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ በምን ልገፋ ነው?» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለስባሪው። «ከጎረቤት ልዋስ ብል የማንም አይገጥመው። የሠራው ሰው ዐፈር ከለበሰ ስንት ዘመኑ። የፊታችን እሑድ ሳይሆን የሚቀጥለው እንግዳ አለብኝ፤ ቅቤ የሌለበት ወጥ ላቀርብላቸው ነው?»

እንግዶቹ የእኔ ሽማግሌዎች ናቸው። አላወቅሁም ለማለት ጣራውን አየሁ።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልሁ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ።

ዞር ብለው እጄን አዩት። እጄ ብዕር ከሚያርፍበት ቦታ በስተቀር ሥራ የነካው ምልክት የለበትም።

«በዚህ?»

«በማሽን ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ ስማኝ የኔ ልጅ። ልጄ የሚያነብ ሰው አልጠላችም፤ እኔም አልጠላሁ። ግን ጣራው ሲያፈስ ተነሥቶ የሚደፍንላትን ሰው ነው የምፈልግላት። ክዳኑን ሠርተህ አምጣ፤ ሽማግሌህም ይምጣ። ክዳኑ ካልመጣ የኔታን በእግራቸው አታድክማቸው።»

ከኪሴ የማይለየኝን ማስመሪያ አውጥቼ የቅሉን አንገት ከዳር እስከ ዳር ለካሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬም በጥንቃቄ መዘገብሁ።

«አንዴ ብቻ ነው የምትለካው?» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

«ክብ ነገር አንዴ ከተለካ በቂ ነው» አልኋት፤ ስለ ክብ ባሕርይም አጭር ማብራሪያ ሰጠኋት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ጭንቅላት የሚነቀነቀው በመስማማት ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። መጽሐፉንም ሳልቀበል ተመለስሁ።

ክዳኑን በኮምፒዩተር ሣልሁት፤ እንደ ባርኔጣ አንገቱን ከውጭ የሚያለብስ ክዳን ነው። ፕሮግራሙም ቀረደደውና አምስት ሰዓት እንደሚፈጅ ነገረኝ። ማሽኑን አስነሣሁ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ እንደ ሰው ካቆመበት አይቀጥልም፤ የነበረበትን ይረሳል። በእጄ የቀረው አናት የሌለው ቀለበት ነው። አያ ደሴ ተቀብለው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡበትና «ይኸው፣ ለአንድ ነገር ዋለ» አሉኝ።

በሁለተኛው ሙከራ መብራቱ ነበረ፤ ነፋሱ ግን መጣ። በዚህ ማሽን ሥራ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በመጀመሪያው ንጣፍ ነው፤ እርሱ ከሥሩ ካለው ጠፍጣፋ ላይ በደንብ ካልተጣበቀ በላዩ የሚመጣው ሁሉ ከንቱ ነው። በመስኮታችን ስባሪ መስተዋት በኩል የገባው የደጋ ብርድ ንጣፉን ከዳር አስነሥቶ አላቀቀው። ማሽኑ ግን ይህን አያይም። ክዳኑ ወድቆ ሳለ እርሱ በአየር ላይ በትጋት ይሠራል። ተመልሼ ስመጣ ከማሽኑ ሥር የተተረተረ ሹራብ የሚመስል የክር ክምር አገኘሁ።

ሦስተኛው ሙከራ ያለ እንከን ተጠናቀቀ። ንጹሕ፣ ክብ፣ ለስላሳ ክዳን ወጣ። ጥፋቱ መጠኑ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያክል መሆኑ ነው። በሴንቲሜትር የለካሁትን ማሽኑ በሚሊሜትር ተቀብሎታል። በፍጥነት ማለቁ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ማሽኑ የለመደልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ቅሉን ቀንሰው ያምጡት በላቸው» አሉ አያ ደሴ።

ወሬው ተሰማ። የኔታ ክንፉም ነገሩን በዐይናቸው ሊያዩ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ለክብራቸው ወንበር አቀረብሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁ።

«ከላይ ነው ከታች የሚጀምረው?» አሉኝ።

«ከታች ነው፣ የኔታ። እየጨመረ ወደ ላይ ይወጣል።»

የኔታ በመስኮቱ ወደ ቤተ ማርያም አቅጣጫ ተመለከቱ። «የእኛዎቹ ከላይ ጀምረው፣ ድንጋዩን እየቀነሱ ወርደው፣ ቤተ ክርስቲያን አድርሰው ወጡ። ያንተ ማሽን ይኸው እየጨመረ ክዳን ማድረስ አቃተው።» ከዚያ ፊታቸው ከበደ። «ልጄ፣ ሴትዮዋን ዐውቃቸዋለሁ። ያሉትን አይለውጡም። ክዳን ሳይዝ የሄደ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይመለሳል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልመለስ?»

እንቅልፍ አጣሁ። አራት ቀን ቀርቶኛል፤ መብራቱ ደግሞ አምስት ሰዓት ሙሉ አይቆይም።

መፍትሔው ከመንግሥት መጣ። በዚያ ዘመን በከተማችን መብራት የማይቋረጥበት አንድ ቦታ ቢኖር ስብሰባ ያለበት አዳራሽ ነበር። አዳራሹ የአንድ ሆቴል ነው፤ ስብሰባ ሲኖር ሆቴሉ ማይክሮፎኑ እንዳይቋረጥ ጄኔሬተሩን ከማለዳ ያስነሣል፤ ሰው ሲበተን ያጠፋዋል። ዓርብ ዕለት የአፈጻጸም ግምገማ ተጠርቷል፤ እኔም ተሳታፊ ነኝ። የእኛ ግምገማ ደግሞ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተበትኖ አያውቅም። የሆቴሉን ባለቤት ለምኜ ማሽኑን ከአዳራሹ ጎን ባለው ዕቃ ቤት ተከልሁት፤ በሩን ከፈት አድርገን አያ ደሴ ከአጠገቡ ተቀመጡ። የቀረውን ሰዓት በጣታቸው እንዲያሳዩኝ ተስማማን።

አምስት ጣት። አራት ጣት። ሪፖርቱ ተነበበ። ሦስት ጣት። ሻይ ተጠጣ። ከዚያ በከተማችን የስብሰባ ታሪክ ያልታየ ነገር ሆነ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ተመለከቱና «እንግዲህ ተጨማሪ ጥያቄ ከሌለ በጊዜ ብንለያይ…» አሉ።

ወደ በሩ ዞርሁ። አያ ደሴ ሁለት ጣታቸውን አንሥተው፣ ዐይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል።

እጄን አወጣሁ። ከአዳራሹ ጥግ እስከ ጥግ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ በሪፖርቱ ውስጥ ‹ማነቆ› የሚልም ‹ክፍተት› የሚልም ርእስ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመድረኩ ግልጽ ቢደረግልን።»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ያን ያህል ያፈራል ብዬ አልጠበቅሁም። ሰብሳቢው ማነቆ የክፍተት አንድ ዓይነት ነው አሉ። ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ተነሥተው ክፍተት ነው እንጂ ማነቆን የሚወልደው አሉ። ሌላው ይህን መሰል ጥያቄ መነሣቱ ራሱ የአመለካከት ክፍተት መኖሩን ያሳያል አሉና በጎን ተመለከቱኝ። ሰባት እጅ ወጣ። አንድ ጣት። አንዲት እናት «ማነቆም ይሁን ክፍተት ውኃው መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁ፤ ለእርሳቸው አልተመለሰም። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ፤ እኔ በጸሐፊነት ተመረጥሁ። ግማሽ ጣት። በመጨረሻም አያ ደሴ ብርቱካናማ ክዳን በሁለት እጃቸው እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሌላ ቀለም ያለው ክር ስላልነበረን ነው ብርቱካናማ የሆነው። ተሰብሳቢው መበተኛው መስሎት አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ዕንባዬ እየመጣ።

ቅዳሜ ጧት በመጀመሪያው ሚኒባስ ገነተ ማርያም ደረስሁ። ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ።

እትዬ ይርገዱ ክዳኑን ተቀብለው አገላበጡት፤ በጥፍራቸው መቱት፤ አሸተቱት። «ዐይን ያጠፋል እንጂ ጥሩ ነው» አሉና ቅሉን አምጥተው አለበሱት።

ክዳኑ በአንድ በኩል ያዘ። በሌላው በኩል እትዬ ይርገዱ ሌባ ጣታቸውን በክፍተቱ አስገብተው አወጡ። ደግመው አስገቡ።

ትርንጎ ቅሉን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ስለ ክብ የሰጠኋትን ማብራሪያ በዐይኗ ደገመችልኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቅሉ ማሳ ላይ ሲያድግ በአንድ ጎኑ ተኝቶ ያደገ ነው። አንገቱ ክብ ሳይሆን የእንቁላል ቅርጽ አለው፤ ክብ መሆን እንዳለበት የነገረው የለም። እኔ የለካሁት ረጅሙን በኩል ብቻ ነው። ክብ ክዳን አምስት ሰዓት ሙሉ ሠርቼ፣ ኮሚቴ አቋቁሜ፣ ለእንቁላል አንገት አምጥቻለሁ። ለሌላ ሙከራ ቀን የለም፤ ስብሰባም የለም።

«መልካም» አሉ እትዬ ይርገዱ፤ ፊታቸው ምንም አይናገርም። «ሆነም አልሆነ ይታጠን። ወተት የሚነካ ዕቃ ሳይታጠን እቤቴ አያድርም።»

በእኛ አገር ለወተት የሚሆን ቅል በወይራ ጢስ ሳይታጠን ወተት አይገባበትም። የወይራ ፍም ከቅሉ ውስጥ ይጨመርና ጢሱ እንዳይወጣ ይከደናል። እትዬ ይርገዱም ፍሙን ጨመሩ፣ ብርቱካናማውን ክዳን ከላይ አለበሱ፣ ቁጭ አሉና ሟቹ ባላቸው የዋንዛውን ክዳን እንዴት እንደሠሩት ይተርኩልኝ ጀመር።

ፕላስቲኩ በትኩስ ሻይ ሙቀት ሊለሰልስ እንደሚችል የሚናገረው የመመሪያው ገጽ በዐይኔ ላይ መጣ። ነገር ግን ታላቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥን ማንም አላስተማረኝም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ ልጨርስልህ። እና ያን ቀን ግንዱን ተሸክሞ ሲመጣ…»

«እትዬ፣ በታላቅ አክብሮት…»

«አክብሮትህንማ አይቼዋለሁ፤ መደቡ ላይ።»

ጢሱ ከክፍተቱ ይወጣል። የክዳኑ አናት ጎበጥ ማለቱን ትቶ ጠፍጠፍ አለ፤ ቀጥሎም ጎድጎድ አለ። ላቤ ወረደ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ፤ «ክዳኑ ተኛ!»

እትዬ ይርገዱ ዞሩ። በቃ አለቀልኝ ብዬ ክራቫቴን ላላ አደረግሁ። እርሳቸው ግን አልደነገጡም። ጎንበስ ብለው በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ጣታቸው ገባ ብሎ ወጣ። ፊታቸው በራ።

«ውይ! ይሄማ ሰም ነው!»

የላስታ ሴት ሰም ለይታ ታውቃለች፤ እትዬ ይርገዱም ከባላቸው ቀፎዎች የወጣውን ሲያነጥሩና ሲያበጁት የኖሩ ናቸው። እርጥብ ጨርቅ በእጃቸው ጠቅልለው ክዳኑን በሁለት መዳፋቸው ያዙት፤ ጣቶቻቸውም በቅሉ አንገት ዙሪያ እየተራመዱ፣ እየጫኑ፣ ሰፊውን እየሰበሰቡ ዞሩ። «ውኃ!» አሉ። እኔ ጆጉን አንሥቼ ሮጥሁ፤ ግማሹን ጫማዬ ላይ፣ ግማሹን ክዳኑ ላይ አፈሰስሁ። ጥቂት ጠበቁ። አወለቁት፤ ወጣ። መለሱት፤ እየጠበቀ ገባ። ከሌላ ቅል ጋር የማይስማማ፣ የዚያን ቅል ጠማማ አንገት ብቻ የሚያውቅ ክዳን ሆኗል። በጎኑም የአምስት ጣታቸው ዐሻራ ቀርቶበታል።

ፍሙን ደፉና ቅሉን ውኃ ሞሉት። ከደኑት።

«ና ወዲህ» አሉኝ።

ሄድሁ። ቅሉን ገልብጠው በአናቴ ላይ ያዙት። ዐይኔን ጨፍኜ ቆምሁ። ሽማግሌዎቹ፣ የኔታ፣ ፋሲካ፣ ትርንጎ፣ ሁሉም በዚያ ቅል ውስጥ ተገልብጠው ከራሴ በላይ ተንጠልጥለዋል። እትዬ ይርገዱ ቅሉን ነቀነቁት። እንደገና ነቀነቁት።

ጠብ ያለ ነገር የለም።

ዐይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትስቅ ነው። እፎይታ ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልሱ ይህ ነው፤ ደረቅ ራስ፣ እርጥብ ጫማ።

«በል ሂድ» አሉ እትዬ ይርገዱ ቅሉን እያወረዱ፤ «ዛሬ የምገፋው ብዙ ነው።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ገጽ አሥራ አራት ጊዜ አነበብሁ። የኔታ ክንፉ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጢማቸው ላይ ቅቤ ነበር፤ መልሱን ከመናገራቸው በፊት ዐወቅሁት።

«ክዳኑን አሳዩን» አሉ የኔታ፤ «እኔም ‹ልጁ ባለሙያ ነው ማለት ነው› ብል፣ ሴትዮዋ ‹ኧረ ምኑን! ሲለካ እንኳ አያውቅም። ግን ሰብሮ አልሸሸም፤ አራት ጊዜ አበላሽቶ አራት ጊዜ ተቀመጠ። የቀረውን እኔ አስተምረዋለሁ› አሉ።»

ከዚያ ወዲህ ሁሉም በመልካም ሄደ። ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ አሁን እኔም ጭምር የምጠየቅበት ሆኗል። ለማዕከሉ ባቀረብሁት ሪፖርት «ያጋጠሙ ማነቆዎች» በሚለው ሥር ራሴን፣ «የተወሰደ መፍትሔ» በሚለው ሥር እትዬ ይርገዱን መዘገብሁ። ኮሚቴው ግን ማነቆና ክፍተትን ገና አልለየም፤ ጸሐፊው ሥራ በዝቶበታል።

እንግዲህ ጠያቂዎቼ፣ ማሽኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። ይሣላል፤ ይቀረደዳል፤ ክሩ ይቀልጣል፤ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይወጣል። በሁለት በኩል ይለካ፤ መስኮት ይዘጋ፤ ስብሰባ ያለበት ቀን ይመረጥ። መመሪያውን ማንበብ ለሚፈልግ በእኔ ክፍል ይገኛል። የመጨረሻው ገጽ አሁን ባዶ አይደለም። «ማስታወሻ» ከሚለው ሥር በጥቁር ቀለም፣ በጥንቃቄ፣ አንድ መሥመር ጨምሬበታለሁ፤

«ከታተመ በኋላ በወይራ ይታጠን።»